የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አስተማማኝ የቤት ኢንተርኔት እንዴት ይመረጣል?

ከአንባቢያን ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል የቤት ኢንተርኔትን የሚመለከቱት እየበዙ በመምጣታቸው የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች «የትኛው ድርጅት ይሻላል?» ብለው ይጀምራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም አንዱ ድርጅት በአንድ ሰፈር ፈጣንና የማይቋረጥ፣ ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ ተጠቃሚውን የሚያማርር አገልግሎት ሊሰጥ ስለሚችል፣ በመልሶቻችን ውስጥ ከድርጅቱ ስም ይልቅ እስከ ቤት ድረስ ስለሚመጣው መስመር አብዝተን እንናገራለን።

ጥያቄ፦ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ስሆን አብዛኛውን ሥራዬን ከቤት ሆኜ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ የማስተርስ ትምህርቷን በኦንላይን ትከታተላለች፤ ሁለት ልጆችም አሉን። እስካሁን በስልካችን ዳታ ስንጠቀም ቆይተን ወጪው ስለከበደን ቋሚ ኢንተርኔት ለማስገባት ወስነናል። ወደ ብሎካችን ፋይበር ገብቷል። በሌላ በኩል ግን በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ገዝቼ በዚያው እንድገላገል የሚመክሩኝ ወዳጆች አሉ። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ተቀራራቢ ስለሆነብኝ መወሰን አልቻልኩም። ለሥራዬ አስተማማኝ የሚሆነው የትኛው ነው?

መልስ፦ ፋይበር ወደ ብሎክዎ ከገባ ዋናው መስመርዎ እሱ ይሁን። የሲም ካርዱን ራውተር አይጣሉት፤ መጠባበቂያ አድርገው ይያዙት። ይህን የምንለው አንዱን ድርጅት ከሌላው ለማስበለጥ አይደለም። ሁለቱ መስመሮች ወደ ቤትዎ የሚመጡበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ፍጥነት ቢጻፍባቸውም በምሽት ሰዓት አንድ ዓይነት ሆነው አይገኙም።

በፋይበር መስመር መረጃው የሚጓዘው በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው። በተለምዶ በሚዘረጋው የቤት ፋይበር አሠራር ከቴሌኮም ድርጅቱ ጣቢያ የሚነሳው አንድ ክር ወደ 2.5 ጊጋ ቢት በሰከንድ የሚደርስ አቅም ተሸክሞ ይመጣና በመንገድ ላይ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይከፋፈላል። የተጋሪዎቹ ቁጥር የታወቀና የተወሰነ ነው ማለት ነው። በሲም ካርድ በሚሠራው ራውተር ግን ከእርስዎ ጋር የሚጋሩት በአቅራቢያው ካለው የሞባይል ማማ ጋር በዚያ ሰዓት የተገናኙት ሰዎች ሁሉ ናቸው፤ ጎረቤቱም፣ በመንገድ የሚያልፈውም፣ በዓል ለማክበር ከሌላ ሰፈር የመጣውም። ጠዋት 40 ሜጋ ቢት በሰከንድ (በአጭሩ 40 ሜጋ) የለካ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 4 ሜጋ ቢያገኝ ራውተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ማማው ተጨናንቋል። በእርስዎና በማማው መካከል አዲስ ሕንፃ ሲቆምም ምልክቱ ሊዳከም ይችላል፤ ግንባታ በማያቋርጥበት ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለ ፍጥነት ብዙ ገንዘብ በከንቱ ሲወጣ ስለምናይ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ ለአንድ ሰው በእያንዳንዱ አቅጣጫ፣ ሲልክም ሲቀበልም፣ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። አንድ ፊልም በጥሩ ጥራት ለማየት 5 ሜጋ ገደማ፣ እጅግ ከፍተኛ በሆነው ጥራት ለማየት ደግሞ 15 ሜጋና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። እርስዎ ስብሰባ ላይ፣ ባለቤትዎ ትምህርት ላይ፣ ልጆቹም እያንዳንዳቸው ቪዲዮ ላይ ቢሆኑ እንኳ ድምሩ 20 ሜጋ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከ25 እስከ 30 ሜጋ የሚደርስ እውነተኛና የማይዋዥቅ መስመር ለቤተሰብዎ ይበቃል። የሚዋዥቅ 100 ሜጋ ከማይዋዥቅ 25 ሜጋ አይሻልም። በውሉ ላይ የሚጻፈው ሜጋ ቢት መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ፋይል ሲያወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ባብዛኛው በሜጋ ባይት ስለሆነ የውሉን ቁጥር ለ8 ማካፈል ይኖርብዎታል። የ25 ሜጋ መስመር በትክክል ቢሠራ በሰከንድ የሚያወርደው 3 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ይህን ባለማወቅ ብቻ ተጭበረበርን የሚሉ ሰዎች አጋጥመውናል።

ከመዋዋልዎ በፊት የሚጠይቁት ጥያቄ ከማስታወቂያው ይበልጣል። የመጀመሪያው ስለ መላኪያው ፍጥነት ነው። የሚነገረን ሁልጊዜ የማውረጃው ፍጥነት ሲሆን፣ ሰነድ ለሚልክና በስብሰባ ላይ ለሚናገር ሰው ግን መላኪያው እኩል ያስፈልገዋል። «ያልተገደበ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነም ያስረዱኝ ይበሉ፤ የተወሰነ መጠን ከተጠቀሙ በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንስ ከሆነ ከምን ያህል ጊጋ ባይት በኋላ ወደ ስንት እንደሚወርድ በጽሑፍ ይቀበሉ። የተነገረዎት ወርኃዊ ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያካትት እንደሆነ፣ የመትከያው ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ሞደሙ የእርስዎ ንብረት ይሁን ወይም ውሉ ሲቋረጥ የሚመለስ ይሁን አስቀድመው ይወቁ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ግን ጎረቤት ያውቃል። በብሎካችሁ ወይም በአጠገባችሁ ባለው ብሎክ ፋይበር ያስገቡ ሰዎች ቤት ይሂዱና ባለፉት ወራት መስመሩ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ፣ ሲቋረጥም ጥገና ለማግኘት ስንት ቀን እንደወሰደ ይጠይቁ። ከሁሉም መልሶች ውስጥ ሁለተኛውን አጥብቀው ይያዙት። የማይበላሽ መስመር የለም፤ አንድን አገልግሎት አስተማማኝ የሚያሰኘው ሲበላሽ በምን ያህል ፍጥነት ተጠግኖ እንደሚመለስ ነው። ባለሙያ በማግስቱ የሚመጣበት ብሎክና ሦስት ሳምንት የሚጠበቅበት ብሎክ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ ያውም በአንድ ድርጅት ሥር ሊኖሩ ይችላሉ።

የፋይበሩ ድክመትም መነገር አለበት። ፋይበር ሲቆረጥ አይደክምም፤ ፈጽሞ ይጠፋል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ሲቆፈሩና የኤሌክትሪክና የቴሌ መስመሮች ወደ መሬት ውስጥ ሲዛወሩ በየሰፈሩ መቋረጥ ማጋጠሙን የከተማው ነዋሪ ያስታውሳል። ሥራዎ ያለ ኢንተርኔት አንድ ቀን ማደር የማይችል ከሆነ፣ መጠባበቂያው ፋይበሩን ከዘረጋው ድርጅት የተለየ ቢሆን ይመረጣል። ለረጅም ዘመን በአገራችን አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ ስለነበር ይህን ምክር መስጠት አይቻልም ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሁለተኛ አማራጭ አለ። ራውተሩን ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱንም ሲም ካርዶች በስልክዎ ላይ በትንሽ ፓኬጅ ይሞክሩ። ሙከራው በቤትዎ ውስጥ፣ ራውተሩን በሚያስቀምጡበት መስኮት አጠገብ፣ በምሽት ሰዓት ይሁን፤ ከፍጥነት መለኪያው ይልቅ እውነተኛ የቪዲዮ ጥሪ እያደረጉ ይዩት።

ስለ መብራት ሳንናገር ይህን መልስ መዝጋት አንችልም። የፋይበር መስመር ከጣቢያው እስከ ቤትዎ ባለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በቤትዎ ያለው ሞደም ስለሚጠፋ ነው። አብዛኞቹ ሞደሞች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለራውተር ተብሎ የተዘጋጀ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ለጥቂት ሰዓታት ያቆያቸዋል። ሲገዙ በሞደሙ መሙያ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር ከዩፒኤሱ ጋር ያመሳክሩ፤ ካልተስማሙ ሞደሙ ሊቃጠል ይችላል። በአንዳንድ ሕንፃዎች ግን ፋይበሩ ምድር ቤት ባለ ሳጥን ላይ ያበቃና ከዚያ በተራ ገመድ ወደየቤቱ ይከፋፈላል። ያ ሳጥን በሕንፃው መብራት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ የእርስዎ ዩፒኤስ ብቻውን አያድንዎትም። ፋይበሩ እስከ ቤትዎ ውስጥ ይመጣ እንደሆነ ወይም ምድር ቤት ይቀር እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በወላጆቼ ቤት እንኖራለን። በድሮው የስልክ ገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት አለን፤ በበጋ ጥሩ ነው፣ ክረምት ሲገባ ግን በየጊዜው ይቆራረጣል። ባለሙያ ይመጣል፣ ይስተካከላል፣ ዝናብ ሲዘንብ ተመልሶ ይጠፋል። ፓኬጁን ከፍ ባደርገው ይሻለኛል ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ?

መልስ፦ ፓኬጁን ከፍ ማድረግ አይረዳዎትም፤ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚያው ገመድ ነው። የመዳብ ገመድ መጋጠሚያዎች ሲያረጁ እርጥበት ይገባቸዋል፣ መዳቡም ይዝጋል፤ ዝናብ ሲመጣ መቆራረጡ የዚህ ዋና ምልክት ነው። የቤት ስልኩን አንስተው ያድምጡ፤ የመንቋቋት ድምፅ ካለ ችግሩ በገመዱ ላይ መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ ያለ መሣሪያ የሚደረግ ምርመራ ነው።

ሁለት ነገር በቅደም ተከተል ያድርጉ። ገመዱ ከውጭ ወደ ቤት በሚገባበት ነጥብ ላይ ሞደሙን በቀጥታ ያገናኙና ለጥቂት ቀናት ይመልከቱ። መቆራረጡ ከቆመ ብልሽቱ በቤታችሁ ውስጥ በተዘረጋው አሮጌ ሽቦ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ይህንንም በትንሽ ወጪ ማደስ ይቻላል። ካልቆመ ጥፋቱ የውጭው መስመር ነው። ባለሙያው በሚመጣበት ጊዜ መጋጠሚያውን እንዲያደርቅልዎ ብቻ ሳይሆን የገመዱን ጥንድ (ወደ ቤትዎ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች) እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ፤ በአንድ ወፍራም ገመድ ውስጥ ብዙ ጥንዶች ስላሉ ያልተበላሸ ትርፍ ጥንድ ሊገኝ ይችላል።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ከመዳብ መውጣት ነው። በመዳብ ገመድ የሚሠራው የተለመደው አገልግሎት በንድፈ ሐሳብ እስከ 24 ሜጋ ማውረድ ይችላል ቢባልም ቤቱ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ይቀንሳል፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ የሚገኘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። መላኪያው ደግሞ በጥሩ ሁኔታ ላይ እንኳ ከ1 ሜጋ ብዙም አይበልጥም። ሰፈራችሁ ፋይበር የደረሰው መሆኑን ጠይቀው ማመልከቻ ያስገቡ። ካልደረሰ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው በአንድነት ያመልክቱ፤ መስመር ለመዘርጋት ከአንድ ቤት ይልቅ የአሥር ቤቶች ጥያቄ ሚዛን ይደፋል።

ጥያቄ፦ ገርጂ ውስጥ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬ «ኢንተርኔቱን በእኔ ስም አስገባና አንተ ክፈል» ይሉኛል። በየዓመቱ ቤት ስለምቀይር ቋሚ መስመር ማስገባት ያዋጣኝ እንደሆነም እጠራጠራለሁ።

መልስ፦ መስመሩ በሚከፍለው ሰው ስም ቢሆን ይሻላል፤ ብልሽት ለማመልከትም፣ ፓኬጅ ለመቀየርም፣ ወደ ሌላ ቤት ለማዛወርም የሚጠየቀው የውሉ ባለቤት ነውና። አከራይዎ በስማቸው እንዲሆን አጥብቀው ከፈለጉ ግን፣ የመትከያ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ሞደሙ የማን እንደሆነና ሲለቁ ቀሪ ሒሳብ እንዴት እንደሚዘጋ በኪራይ ውላችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ያስገቡ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ሁለታችሁንም ከክርክር ያድናል።

በየዓመቱ የሚዘዋወሩ ከሆነ፣ ከባድ የቢሮ ሥራም ከቤት የማይሠሩ ከሆነ፣ ለእርስዎ በሲም ካርድ የሚሠራው ራውተር የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ይዘውት ይሄዳሉ፤ ባለሙያ መጠበቅም የለም። አዲስ ቤት ሲያዩ ግን ውኃና መብራቱን እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ ስልክዎን አውጥተው የሁለቱንም ድርጅቶች ኔትወርክ በክፍሎቹ ውስጥ ይሞክሩ። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ ሰርቪስ ቤት ወይም ምድር ቤት ያለ ክፍል ምልክቱን በጣም ሊያዳክመው ስለሚችል ግቢው በር ላይ የታየውን አይመኑ።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ እንኖራለን። በአካባቢያችን የኬብል ኢንተርኔት (በኬብል ቴሌቪዥን መስመር የሚመጣ) እና የፋይበር ኢንተርኔት የሚያቀርቡ ድርጅቶች አሉ፤ ዋጋቸው በየማስታወቂያው ስለሚለያይ ግራ ገብቶናል። ዋናው ፍላጎታችን አዲስ አበባ ካሉት እናታችን ጋር የምናደርገው የቪዲዮ ጥሪ እንዳይቆራረጥ ነው። የ1 ጊጋ አገልግሎት ብንገባ ይስተካከል ይሆን?

መልስ፦ ስለ ጥሪው በቅድሚያ እንመልስ፦ 1 ጊጋ ቢገቡም አይስተካከልም። የቪዲዮ ጥሪ የሚፈልገው ጥቂት ሜጋ ብቻ ነው፤ አሁን ያለዎት መስመር በቤትዎ ውስጥ ፊልም ያለ ችግር የሚያሳይ ከሆነ ለጥሪውም ይበቃል። ጥሪው የሚቆራረጠው ምናልባትም በእናትዎ በኩል ነው። እሳቸው በስልክ ዳታ የሚደውሉ ከሆነና በሰፈራቸው ፋይበር ካለ፣ ለ1 ጊጋው ሊከፍሉት ካሰቡት ተጨማሪ ዶላር ውስጥ ትንሹ ክፍል እንኳ ለእናትዎ ቤት ቋሚ መስመርና ለሞደሙ አነስተኛ ዩፒኤስ ሊበቃ ይችላል። የጥሪውን ሰዓት ማዛወርም ይረዳል። በአዲስ አበባ ምሽት መስመር ሲጨናነቅ በእናንተ ዘንድ ገና ቀትር አካባቢ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት በማለዳ ብትደውሉ እዚያ ከሰዓት በኋላ ይሆናልና ጭንቅንቁ ሳይጀምር ታገኙዋቸዋላችሁ።

ለራስዎ ቤት ስለሚመርጡት ድርጅት ደግሞ፣ በአሜሪካ ያለ ተጠቃሚ የሚረዳው አንድ ጠንካራ መሣሪያ አለ። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ትልልቅ አቅራቢዎች ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ፣ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ በምግብ እሽግ ላይ እንደሚለጠፈው ያለ አንድ ወጥ የመረጃ ሰሌዳ እንዲያሳዩ አስገድዷል። ወርኃዊው ዋጋ የመግቢያ ቅናሽ መሆን አለመሆኑ፣ ቅናሹ መቼ እንደሚያበቃና ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚሆን፣ ውሉን አስቀድሞ ማቋረጥ የሚያስከትለው ክፍያ፣ የተለመደው የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነት፣ መረጃው ደርሶ እስኪመለስ የሚዘገይበት ጊዜ፣ የተፈቀደው የዳታ ልክ፣ ሁሉም በዚያ ላይ ይገኛሉ። የማስታወቂያውን ወረቀት ወደ ጎን ይተዉና የሁለቱን ድርጅቶች ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ዓይንዎ በቅድሚያ ሊያርፍ የሚገባው ከቅናሹ በኋላ በሚመጣው ዋጋ ላይ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን በመጀመሪያው ዓመት ደስ ብሏቸው በሁለተኛው ዓመት የሚደነግጡት በዚህ ነው።

ሁለቱ መስመሮች እኩል ዋጋ ቢኖራቸው ፋይበሩን ይምረጡ። በኬብል መስመር ላይ መላኪያው ከማውረጃው በእጅጉ ያነሰ መሆኑ የተለመደ ነው፤ በፋይበር ግን ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ይቀራረባሉ። ኬብል ከገቡ ደግሞ ሞደሙን በየወሩ ከመከራየት ድርጅቱ ከሚቀበላቸው ዓይነቶች አንዱን ገዝቶ መጠቀም በረጅም ጊዜ ያተርፋል። የምትኖሩት በአፓርትመንት ከሆነ የሕንፃውን አስተዳደር ያነጋግሩ፤ ድርጅቱ በሰፈሩ አለ ማለት መስመሩ እስከ እናንተ ክፍል ተዘርግቷል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአገር ውጭ ያሉ ዘመዶቼ በሳተላይት የሚሠራ የኢንተርኔት መሣሪያ ሊልኩልኝ ይፈልጋሉ። የምኖረው ፋይበር በሌለበት ገጠራማ አካባቢ ነው። ላስመጣው?

መልስ፦ ለርቀት አካባቢ በቴክኒክ ረገድ ጥሩ አማራጭ ነው። የቀድሞዎቹ ሳተላይቶች ከምድር ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ስለሚቆሙ ድምፅ ሲዘገይ ይሰማ ነበር፤ ዝቅ ብለው የሚዞሩት አዲሶቹ ግን ይህን ችግር በጣም ቀንሰውታል። ነገር ግን መሣሪያው ከመላኩ በፊት አቅራቢው በኢትዮጵያ አገልግሎት ለመስጠት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘ መሆኑን ራሱን ባለሥልጣኑን ይጠይቁ። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ በጉምሩክ ሊያዝብዎ ይችላል፤ ቢያልፍም አቅራቢው በፈለገበት ቀን ቢዘጋው አቤት የሚሉበት ቦታ አይኖርዎትም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነው የምኖረው። በውሉ ላይ 25 ሜጋ ተብሎ የምከፍልበት መስመር አብዛኛውን ጊዜ 8 ሜጋ ነው የሚያሳየኝ። ስደውል «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ይሉኛል። ድርጅት ልቀይር?

መልስ፦ ከመቀየርዎ በፊት ጉድለቱ የት እንዳለ ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ችግሩን ይዘውት ወደ አዲሱ ድርጅት ይሄዳሉ። የለኩት በዋይፋይ ከሆነ የለኩት መስመሩን ሳይሆን ዋይፋይዎን ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተርዎን በገመድ ከሞደሙ ጋር ያገናኙ፣ ሌሎቹን ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ሁሉ ያላቅቁ፣ ከዚያ ይለኩ። በገመድ 24 በዋይፋይ 8 ካሳየ ድርጅቱ እውነቱን ነው፤ መፍትሔው በቤትዎ ውስጥ ነው። ሞደሙን ከቴሌቪዥን ጀርባና ከብረት ቁምሳጥን አጠገብ አንስተው በቤቱ መካከል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጡት። ሞደምዎ በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ከሆነ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ላለ ኮምፒውተር ባለ 5ቱን ይምረጡ፤ ፈጣን ነው፣ የጎረቤት ዋይፋይም ያን ያህል አያውከውም። ግድግዳ ማለፍ ላይ ግን ይደክማል፤ ለሩቁ ክፍል 2.4ቱ ይሻላል።

በገመድም 8 ካሳየ ማስረጃ ይሰብስቡ። ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ጠዋት፣ ከሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይለኩ፤ የእያንዳንዱን ምስል ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስቀምጡ። የመለኪያው ድረ ገጽ አገልጋይ (ፍጥነቱ የሚለካበትን የሩቅ ኮምፒውተር) እንዲመርጡ ስለሚፈቅድ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ያለውን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አውሮፓ ያለውን ይምረጡ። አዲስ አበባ 25 አሳይቶ አውሮፓ 8 ካሳየ ችግሩ ከአገር ውጭ በሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት ግንኙነቷ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች ይደርሳል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ተቆርጠው በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ መካከል የሚያልፈው ግንኙነት መጎዳቱ ይታወሳል፤ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ በሐዋሳ ቤትዎ ያለ ማንኛውም ሞደም ሊያርመው አይችልም። ሁለቱም 8 ካሳዩ ግን ጉድለቱ በእርስዎና በድርጅቱ ጣቢያ መካከል ነው፤ ኃላፊነቱም የድርጅቱ ነው።

ማስረጃውን ይዘው በስልክ ብቻ ሳይሆን በአካልም ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ይሂዱ፤ ቅሬታዎ የተመዘገበበትን ቁጥር ሳይቀበሉ አይውጡ። በቀጠሮው ካልተፈታ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት መብትዎ ነው። ባለሥልጣኑ ቅሬታውን የሚመለከተው አስቀድመው ለድርጅቱ ማመልከትዎን ሲያረጋግጥ ስለሆነ የቅሬታ ቁጥሩ፣ የሳምንቱ ልኬትና የውሉ ቅጂ ከማመልከቻዎ ጋር ይያያዙ።